ማጭድ የመሰለው ደም

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ቲቸር ጥዑመልሳን፣

የጌታ ሰላም ከእርስዎና ከልጅዎ ከሶልያና ጋር ይሁን። ስልክ እንደማይሰማልዎ ስለማውቅ አልደወልኩም። ይህን በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ በሶልያና ቴሌግራም እልካለሁ። የእጅ ጽሑፌ ዛሬም ወደ ላይ እየወጣ እንደሚሄድ አይተው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ያኔ እዚህ ጋምቤላ ባዮሎጂ ሲያስተምሩን፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ «ኛኩዋኒ፣ መስመሩን ይዘሽ ሂጂ» ይሉኝ ነበር። አሁን እኔም አስተማሪ ሆኜ ለልጆች እንደዚያ እላለሁ፤ ራሴ ግን አልታረምኩም።

ባለፈው «ስለ ልጅሽ ለምን ዝም አልሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝም ያልኩት ደህና ናት ብዬ መጻፍ ስላልቻልኩ ነው።

ኛሊየፕ ሁለት ዓመት አልፏታል። የእጆቿና የእግሮቿ ጣቶች ያብጣሉ። ስነካት ትጮኻለች። ዓይኗ ቢጫ ይሆናል። ትድንና ደስ ይለናል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣባታል። የመጀመሪያው ልጃችንም እንዲሁ ያደርገው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ሞተብን። ያኔ ወባ ነው ብለን ቀበርነው።

አሁን የባለቤቴ የጎኝ አጎት ሌላ ነገር እያለ ነው። አጎት ዊሊያም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ጎኝን አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደገው እሱ ነው። «ከአንድ ማህፀን የወጡ ሁለት ልጆች እንዲህ የሚሆኑት፣ ባልና ሚስቱ ሳያውቁ ዘመዳሞች ሆነው ነው» ይላል። እኛ ኑዌሮች ሩዋል እንለዋለን፤ ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ በልጆች ላይ የሚመጣ ነው። የጎኝ ሰዎች ከድንበር ማዶ ከናስር የመጡ ናቸው፤ የእኔ ደግሞ ከዚሁ ናቸው። አጎት ዊሊያም ግን ወደ ኋላ ሲቆጥር በሁለታችንም አያቶች መካከል አንድ ዓይነት ስም አገኘ። ሰውየው አንድ ይሁን ሁለት የሚያውቅ የለም። አንድ ነው ከተባለ ትዳራችን ይፈርሳል። ኛሊየፕም ወደ አባቷ ወገን ትሄዳለች።

ቲቸር፣ የዘመድ ደም ሲገናኝ እውነት ልጅ ይታመማል? ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ሊያጽናኑኝ ብለው አይደብቁኝ።

ተማሪዎ ኛኩዋኒ


ደብረ ታቦር
ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ኛኩዋኒ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጆሮዬ በቀር ሁሉም አካላቴ ሥራውን ይሠራል። ሶልያና ደብዳቤሽን በትልቁ አሳትማ ሰጠችኝ። ጽሑፍሽ ሽቅብ መውጣቱን አይቻለሁ፤ ዛሬ ግን አልሳቅሁም።

አይደብቁኝ ብለሻልና አልደብቅሽም። አዎ፣ ሊታመም ይችላል። ማንኛችንም ከእናት ከአባታችን የወረስነው፣ ብቻውን ሲሆን የማይጎዳ ድብቅ ነገር በደማችን አለ። ዘመዳሞች ያንኑ ነገር ከአንድ አያት ወርሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ሲጋቡ ከሁለቱም ወገን መጥቶ በልጃቸው ላይ ሊገናኝ ይችላል። ስለዚህ የአጎት ዊሊያምን ቆጠራ አልንቅበትም። በእኛም አገር ሰባት ቤት ይቆጠራል። እንዲያውም እኔ ራሴ በወጣትነቴ ላገባት ያሰብኳት ልጅ ነበረች። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሁሉ ነገር ከተነገረ በኋላ፣ አንዲት አክስቷ ቆጥራ ስድስት ቤት ላይ አገናኘችን። በዚያው ቀረ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስማር፣ አንድ ሰው ከዚያ ዘመን አያቱ የሚደርሰው ድርሻ ምን ያህል ቅንጣት እንደሆነ ሳሰላው፣ እርሳሴን አስቀምጬ ወጥቼ ሄድኩ።

ነገር ግን፣ ልጄ፣ ድብቅ ነገር ለመገናኘት የግድ ዘመድ አይፈልግም። በአገሩ የበዛ ነገር ከሆነ፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችም ሊይዙት ይችላሉ።

የጻፍሽልኝ የጣት እብጠትና የዓይን ቢጫነት ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ ስሥለው የኖርኩትን ነገር አስታወሰኝ። ትዝ ይልሽ ይሆን? ቀይ የደም ሴል ክብ ነው፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ተጣጥፎ ማጭድ ይመስላል። ሲክል ሴል ይሉታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ በሽታው ይህ ነው ብዬ አልነግርሽም። ልጅቱን ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ፣ ይህን ስም ጥሪላቸውና ደሟን ይዩላት። ውጤቱ ሳይመጣ ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨምርም።

ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በደብዳቤሽ ጎኝ ምን እንዳለ የትም አልጻፍሽም።

መምህርሽ ጥዑመልሳን


ጋምቤላ
ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቲቸር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ኔትወርክ ጠፍቶብን ነበር፤ ዝናቡም አላቋረጠም። ያሉኝን አድርጌያለሁ።

በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የምትሠራ ወርቅነሽ የምትባል ልጅ አለች። ከጎጃም የመጣች ናት። የኛሊየፕን ደም በመስታወት ላይ አድርጋ ቆይታ አየች፤ ሌላ ናሙና ደግሞ ለማረጋገጫ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ሁለቱም አንድ ነገር አሉ። እርስዎ የገመቱት ነው። የእኔንና የጎኝንም መረመሩ። ሁለታችንም ያንን ድብቅ ነገር አንድ አንድ ይዘናል። እኛን አያምመንም፤ ልጃችን ግን ሁለቱንም ወርሳለች።

ወርቅነሽ በማይክሮስኮፑ እንዳይ ፈቀደችልኝ። በክቦቹ መካከል ቀጫጭን፣ ጎበጥ ያሉ ነበሩ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች በልጄ ጣቶች ውስጥ ሲሄዱ ይጠላለፋሉ ማለት ነው። ሰሌዳ ላይ የሣሉት ትዝ አለኝ። በፈተናም ጠይቀውን ነበር፤ በትክክል መልሼዋለሁ። ያኔ ግን ስለ ሰው መሆኑ አልገባኝም ነበር።

መድኃኒት ተጀምሮላታል። በየቀኑ የምትወስደው አለ፤ ውሃ በብዛት እንድትጠጣም ተነግሮኛል። የተሻላት ይመስለኛል።

ስለ ጎኝ ጠይቀውኛል። እሱ ያለው አቦቦ ወረዳ ነው። በአልዌሮ ግድብ አጠገብ ባለው የሩዝ እርሻ የውሃ ሞተር ይጠግናል፤ በፊት በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። ውጤቱን ከሰማ ወዲህ ሥራ በዝቶብኛል ይላል። እኔም «እሺ» እላለሁ።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ውጤቱን ስሰማ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሽታ ነው፣ ስም አለው፣ ሩዋል አይደለም ልላቸው ነበር። አጎት ዊሊያም ግን፣ «ታዲያ ሐኪሞቹ እኔ ያልኩትን ነው ያሉት። ሁለታችሁም ውስጥ አንድ ምልክት ከተገኘ፣ አባታችሁ አንድ ነው ማለት ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቲቸር። ይህን ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከሁለት እሑድ በኋላ ሽማግሌዎቹ ስለ ትዳራችን ሊወስኑ ከአምልኮ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሰበሰባሉ። እባክዎን፣ ቆሜ በኑዌርኛ ልተረጉምላቸው የምችለው አንድ ገጽ ይጻፉልኝ።

ኛኩዋኒ


ደብረ ታቦር
ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ለስብሰባው የሚነበበውን ገጽ ለብቻው ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አጭር ነው። ይህኛው ግን ለአንቺ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ካልጻፍኩት እንቅልፍም አይወስደኝም።

አጎት ዊሊያም የጠየቀው ትልቅ ጥያቄ ነው። አንድ ምልክት ያላቸው ሰዎች የአንድ አባት ልጆች ናቸው ወይ? መልሱን ለማግኘት ወደ ባሮ ወንዝ መውረድ ያስፈልጋል።

ወባ ከሰው ጋር የኖረችው ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሕፃናትን ትወስዳለች። ከእነዚያ ሕፃናት መካከል ግን ይህን ምልክት ከአንድ ወገን ብቻ የወረሱ ነበሩ። ወባ ያዘቻቸው፣ አተኮሰቻቸው፣ ነገር ግን ልትገድላቸው ተቸገረች። ስለዚህ አደጉ፣ ወለዱ። ልጆቻቸውም ክረምቱን አለፉ። ማንም ሳይመርጥ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ውሃ ባለበትና ትንኝ በሚፈላበት ምድር ሁሉ ምልክቱ እየበዛ ሄደ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳሁ ቀን፣ መጽሐፌን ትቼ በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ እንደቆየሁ ዛሬም አስታውሳለሁ።

ምልክቱ በናስር አለ፤ በጋምቤላ አለ። በአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ ኑዌርኛ የሚባል ቋንቋ ሰምተው በማያውቁ ሰዎች ደም ውስጥ አለ። በዓረብ አገር አለ፤ በሕንድም አለ። አንቺና ጎኝ በዚህ ምልክት ምክንያት ዘመዳሞች ከሆናችሁ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ዘመዳችሁ ነው። ምልክቱ የሚናገረው የአያቶቻችሁን ስም አይደለም። አያቶቻችሁ የኖሩበትን ውሃ ነው።

በእኔ ደጋ ይህ ምልክት እምብዛም አይገኝም። ብርዱ ትንኝን ስለማያኖር፣ የተሸከመው ሰው የሚጠቀመው ነገር አልነበረም። የእኛን ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ሠርቷቸዋል፤ አየሩ በሳሳበት ተራራ ላይ መተንፈስ። ታዲያ እኔ ያንን ደረት ይዤ ጋምቤላ ስወርድ፣ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ጣለችኝ። አባትሽ ሪክ ያኔ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነበር። ቤቴ መጥቶ፣ ወድቄ አግኝቶኝ፣ በጀርባው አዝሎ በዝናብ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ራሴን ስቼ ስለነበር የማስታውሰው እርጥብ አንገቱን ብቻ ነው። እሱ ሲታመም አይቼ አላውቅም። ጠንካራ ሰው ስለሆነ ነው እል ነበር። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ግን ምናልባት አንቺ የያዝሽው ነገር ከእሱ የመጣ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እንደዚያ ከሆነ እኔንም ያተረፈኝ ይኸው ምልክት ነው።

አሁን ስለ ቆጠራው። አንድ ሰው ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት አለው። እንዲህ በእጥፍ እየሄድሽ ሠላሳ ትውልድ ወደ ኋላ ብትቆጥሪ፣ ለአንዲት ኛሊየፕ ብቻ ከአንድ ቢሊዮን በላይ አያት ያስፈልጋታል። ያን ጊዜ በምድር ላይ ያን ያህል ሰው አልነበረም። ታዲያ ምን ማለት ነው? አንዱ ሰው በብዙ መንገድ አያቷ ነው ማለት ነው። የዘር ሐረጋችን ወደ ኋላ ሲሄድ እየተጠላለፈ፣ እየተገናኘ፣ በመጨረሻ የእናንተና የእኛ የሚባል አይቀርም። ሽማግሌ ሆኜ እንኳ ይህን ሳስብ ያስደነግጠኛል፤ ደስም ይለኛል።

የሽማግሌዎቻችሁን ሕግ በዚህ አትንቂው። ሩቅ ሄደህ አግባ ማለታቸው ብዙ ድብቅ ነገሮች እንዳይገናኙ ሲያደርግ ኖሯል። ይህኛው ግን በወንዙ ዳር እጅግ የበዛ ስለሆነ፣ ሩቅ ሄዶ ማግባት ብቻውን ከእሱ አያስመልጥም። ዝቅ ብለሽ፣ በአክብሮት ንገሪያቸው።

ደግሞም ያልነገርሽኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። ካልፈለግሽ አትመልሺ።

ጥዑመልሳን


ጋምቤላ
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቲቸር፣

ስብሰባው አለፈ። ቶሎ ያልጻፍኩት እኔም ራሴ በቅጡ ስላልገባኝ ነው።

ጎኝ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አምልኮው ሊያልቅ ሲል ጫማው ጭቃ እንደያዘ ገብቶ ከኋላ ቆመ። ግቢው ውስጥ ስንሰበሰብ ገጹን በአማርኛ እያነበብኩ በኑዌርኛ ተናገርኩ። ወንዙና ወባው ላይ ስደርስ ማንም አላቋረጠኝም። አጎት ዊሊያም ብቻ ስለ ሕንድ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ይህ ሁሉ የወረቀት ወሬ ነው፣ የአያቶቻቸው ስም ግን አንድ ነው አለ።

ያኔ ጎኝ ተነሣ። እሱ በሰው ፊት የማይናገር ሰው ነው። «ይህን ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሁሉ ዘመዴ ከሆነ፣ እኔ ማንን ላግባ? ኛኩዋኒ ሚስቴ ናት። ልጄ የታመመችው በእኔም ነው፤ እናቷ ብቻዋን አትከሰስም» አለ። ከዚያ ተቀመጠ። በኋላ ስጠይቀው፣ አቦቦ የቀረው ልጁን ያሳመማት የእሱ ደም መሆኑን ሲያስብ ፊቴን ማየት ስለፈራ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ጠልቶኝ መስሎኝ ነበር።

አጎት ዊሊያም አልፈረደም። የቀሩት ሲያጉረመርሙ ዝም አሰኛቸውና፣ «ይህ ነገር በወንዙ ሰው ሁሉ ላይ ካለ፣ በእኔም ላይ ሊኖር ይገባል። በመጀመሪያ የእኔ ደም ይታይ» አለ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ያልነገርኩዎት ነገር አለ ብለው ነበር። አለ። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ቲቸር። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልዎትም አውቀው ነበር። ለጎኝም የነገርኩት በዚያ እሑድ ማታ ነው። ይህኛውም እንደ ኛሊየፕ ይሆን? በትክክል ይንገሩኝ።

ኛኩዋኒ


ደብረ ታቦር
ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ኛኩዋኒ፣

ዜናሽን ሳነብ ሶልያና ፊቴን አይታ ምን ሆንክ አለችኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት። አንብባ አጠገቤ ተቀመጠች።

በትክክል ይንገሩኝ ብለሻል። ከአራት ዕጣ አንዱ እንደ ኛሊየፕ መታመም ነው። ሁለቱ እንደ አንቺና እንደ ጎኝ ይዞ በጤና መኖር ነው። አንዱ ከነጭራሹ አለመያዝ ነው። ዕጣው በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ይወጣል፤ ያለፈውን አያስታውስም። ይህን ለብዙ ዓመት በሰሌዳ ላይ በአራት ሳጥን ስሠራው አንድም ቀን አላቆምኩም። አሁን ግን ስጽፍልሽ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት።

ምን እንደሚሆን አላውቅም። ማንም አያውቅም። ልጁ ሲወለድ ይመርመር፤ ቢታመም እንኳ ገና በጠዋቱ ከታወቀለት እንደ በኩር ልጃችሁ አይሆንም። የተማርኩት እስከዚህ ነው። ከዚህ በላይ ያለው የጸሎት ነው። አንቺ በቤተ ክርስቲያንሽ፣ እኔ በቤተ ክርስቲያኔ።

ጎኝን ሰላም በይልኝ። ደፋር ሰው ነው።

ጥዑመልሳን


ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ ቲቸር፣

ጥር ላይ በሰላም ተገላግያለሁ። ሴት ናት። ስም እንዲያወጣ አጎት ዊሊያምን ጠየቅነው፤ ኛዌች አላት። እሱ ስም ካወጣ በኋላ ስለ መለያየት ያነሣ ሰው የለም።

ስለ እሱም ልንገርዎ፤ ቃሉን ጠብቋል። ጎኝ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደው፣ ወርቅነሽ ደሙን አየችለት። ምልክቱ አለበት። ውጤቱን ስትነግረው አብሬው ነበርኩ። እናቱ ከወለደቻቸው ወንዶች ለአቅመ አዳም የደረሱት እሱና የጎኝ አባት ብቻ እንደሆኑ ነገረን። ሌሎቹ ገና ሕፃን ሳሉ በክረምት ትኩሳት አልቀዋል። «እኔን እግዚአብሔር ለምን እንዳስቀረኝ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ ነበር» አለ።

ከዚያ ቤታችን መጣ። ኛሊየፕ በዚያ ቀን አሟት፣ እጇ አብጦ ተኝታ ነበር። አጠገቧ ተንበርክኮ እጇን ሳይጫናት በመዳፉ ላይ አስቀመጠው። ሊጸልይላት መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን አልጸለየም።

«እኔን ያኖረኝ ነው አንቺን የሚያምምሽ» አላት። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

እሷ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም፤ አልገባትም። አሁን በታመመች ቁጥር እየመጣ ውሃ የሚያጠጣት እሱ ነው። ከእኔ እጅ እንቢ ብላ ከእሱ ትጠጣለች።

የኛዌች ውጤት ከአዲስ አበባ የደረሰው ትናንት ነው። ምንም የለባትም፣ ቲቸር። ከእኔም ከጎኝም ያንን አልወሰደችም። ወርቅነሽ ስትነግረኝ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። እሷም እየሳቀች አብራኝ ካለቀሰች በኋላ፣ «እንግዲህ ለወባ እንደ እኔ እንደ ደገኛዋ ናት፤ ጠብቂያት» አለችኝ። ያኔ እንባዬ ቆመ። ለካ ደህና የሆነችው ልጄ ያ ሁሉ ሺህ ዓመት የተከማቸው ጥበቃ የሌላት ናት። ለኛሊየፕም ወባ ከሌላው ሰው ይልቅ አደገኛ እንደሆነ ነግረውኛል። ሁለቱንም የምጠብቃቸው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ዛሬ ጎኝ አዲስ አጎበር ገዝቶ መጥቶ ከጣሪያው እንጨት ላይ አሰረው። አጎት ዊሊያም ጫፉን ዙሪያውን ፍራሹ ስር ሸጎጠ፤ አንድ ቦታ ክፍት ቀርቶ እንደሆነ ብሎ ደግሞ ዞረው። ቀኑ በጣም ሞቃት ነው፤ ልጆቹ ከምሳ በኋላ ተኝተዋል። ኛሊየፕ እጇን በእህቷ ሆድ ላይ ጥላለች። አንዷን ደሟ ያምማታል፣ አንዷን ደሟ አይጠብቃትም። በመረቡ ውስጥ ሳያቸው ግን የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ከአተነፋፈሳቸው መለየት አልቻልኩም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጬ እያየኋቸው ነው የምጽፍልዎ።

ኛኩዋኒ